የጓሮው ትራምፖሊንና የእንግዳ ልጅ

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ሐበሻ ቤት ሲገዛ የሚከተለውን ነገር በቃሌ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ የቤት ምረቃ። ቀጥሎ ጓሮ የሚቀመጥ የሥጋ መጥበሻ። ከዚያ ቃሪያና የአበሻ ጎመን የሚተከልባት ጠባብ መደብ። ልጆች ካሉ ደግሞ ሰመር ሲመጣ ትልቁ ክብ ዕቃ ይገባል። ጥቁር ሸራ፣ ዙሪያውን መረብ፣ ከጎኑ መሰላል። ልጆች እየነጠሩ የሚዘሉበት ትራምፖሊን።

ሰሞኑን ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ጓደኛዬ ደውላ «የትኛውን ልግዛ?» አለችኝ። ልጆቿ የ3 እና የ5 ዓመት ናቸው። ዕቃ ከመግዛቴ በፊት መመሪያ የማነብ አሰልቺ ሰው መሆኔን ስለምታውቅ ነው የጠየቀችኝ። እሷ ያሰበችው 12 ጫማ ስፋት ያለውን ትልቁን ነው። ጎረቤቷ ጋ ያለው እሱ ነዋ።

ትልቁን ተይው አልኳት። ምክንያቱ የገንዘብ አይደለም። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ትልቁ ትራምፖሊን ላይ እንዳይወጣ ይመክራል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ጭራሹን ቤት ውስጥ ባይኖር ይመርጣል። አካዳሚው በ2012 ባወጣው መግለጫ ላይ፣ ከጉዳቱ ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚደርሰው ከአንድ ሰው በላይ አብሮ ሲዘል ነው ይላል። አብረው ከሚዘሉት መሃል ደግሞ ይበልጥ የሚጎዳው ትንሹ ነው።

ለምን ትንሹ? ትልቁ ልጅ ሲያርፍ ሸራው ወደ ታች ይለጠጣል፣ ከዚያ በኃይል ወደ ላይ ይመለሳል። በዚያች ቅጽበት ትንሹ ከላይ እየወረደ ከሆነ፣ የሚቀበለው ልስልስ ሸራ ሳይሆን ወደ ላይ እየመጣ ያለ ነገር ነው። የራሱ ክብደት ብቻ ቢሆን ምንም አይልም። የትልቁ ጉልበት ተጨምሮ ግን እግሩ ላይ ያርፋል። ልጁ ሳይወድቅ፣ መረቡን ሳይነካ፣ መሃል ላይ ቆሞ እያለ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ አጥንቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሐኪሞች በትራምፖሊን ስም የሚጠሩት ስብራት ይህ ነው። መረቡ ልጁን ከመውደቅ እንጂ ከወንድሙ አያድነውም።

ስለዚህ ዋናው ደንብ አጭር ነው፤ አንድ ልጅ ብቻ፣ አዋቂ ቆሞ እያየ።

እዚህ ላይ ነው የኛ ጣጣ የሚጀምረው። እስቲ የሐበሻ ልደት ጓሮ አስቡ። ከአሌክሳንድሪያም ከባልቲሞርም መኪና ሙሉ ልጅ ይመጣል። እናቶች ገና ከበር «ሂዱ፣ አብራችሁ ተጫወቱ!» ይላሉ። ከዚያ የ12 ዓመቱም የ3 ዓመቷም አንድ ሸራ ላይ ናቸው። የቤቱ እመቤት ወጣ ብላ የእንግዳን ልጅ «አንተ ውረድ፣ ተራህን ጠብቅ» ልትል ነው? አትልም። የእንግዳ ልጅ ይከለከላል እንዴ? ካስፈለገ የራሷን ልጅ ታወርዳለች። የራሷ ልጅ ያለቅሳል፣ አባትየው ከመጥበሻው ሥር «ተዪው በናትሽ፣ አብረው ይጫወቱ» ይላል፣ ጉዳዩ ይዘጋል። አሜሪካዊው ጎረቤት ግን ሳያፍር ፊሽካ ነፍቶ ሁሉንም ያሰልፋቸዋል። ወላጆቻቸውም አይቀየሙትም። እኔ በዚህ ጎረቤት እቀናለሁ።

የሚገርመው ተራ መጠበቅ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሱዚ የተጫወተች ሴት ልጅ ሁሉ ታውቀዋለች። ሁለቱ ገመዱን ይይዛሉ፣ አንዷ ትዘላለች፣ የተሳሳተች ትወጣና ገመድ ትይዛለች። ሰኞ ማክሰኞም እንደዚያው ነው፤ አንድ ሰው ይዘላል፣ ሌላው መስመር ረገጠ አልረገጠ ብሎ እንደ ዳኛ ያፈጣል። ለማጭበርበር ቦታ የለም። ልጆቹ ራሳቸው ሕጉን ያስከብሩ ነበር፣ አዋቂ አልተጠራም። ልዩነቱ ሱዚ ላይ የማይዘለው ልጅ ሥራ አለው፤ ገመድ ይይዛል፣ ይቆጥራል፣ ይከራከራል። ትራምፖሊን ላይ ተራ የሚጠብቅ ልጅ ምንም ሥራ የለውም። መሰላሉ ሥር ቆሞ ያለቅሳል። ስለዚህ የምትገዙ ሰዎች ካላችሁ ከታች ለሚጠብቁት ሥራ ስጧቸው። እስከ 30 የሚቆጥሩት እነሱ ይሁኑ። ሲሞላ የሚያስወርዱትም እነሱ ይሁኑ፤ ከእናታችሁ በላይ ጨካኝ ዳኞች ይሆናሉ።

አገር ቤት ልጅ አይሰበርም ነበር ማለቴ አይደለም። ወጌሻ መቼ ሥራ ፈቶ ያውቃል? ገጠር ያደገ ሰው እህል ከተወቃ በኋላ ጭድ ክምር ላይ ዘሏል። ከተማ ያደገው የስፖንጅ ፍራሽ ላይ ዘሎ የአልጋውን ርብራብ ሰብሯል፣ ማታም ለሰበረው ተገርፏል። ዝላዩ ያው ዝላይ ነው። ግን ጭድ አይመልስህም፣ ትቀበርበታለህ እንጂ። ደግሞም ሰፈሩ በሙሉ ያይሃል። ጎረቤት የሆኑ እትዬ ከአጥር ማዶ ሆነው «ና ውረድ አንተ!» ሲሉ የማን ልጅ ነህ ብለው አይጠይቁም ነበር። እዚህ ጓሮው በእንጨት አጥር ተከልሏል። የሚያየው የወጥ ቤት መስኮት ብቻ ነው። መስኮቱ ላይ የቆመችው እናት ደግሞ አንድ ዓይኗ ሽንኩርቱ ላይ ነው።

ጓደኛዬን ያስደነገጣት ግን ይሄ ሁሉ አይደለም። ኢንሹራንሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ የቤት ኢንሹራንሶች ትራምፖሊን ያደረሰውን ጉዳት አይሸፍኑም፣ አንዳንዶቹ መረብና አጥር ካለው ብቻ ይቀበላሉ። ሳትነግራቸው ገዝተሽ የሰው ልጅ ቢጎዳ ጣጣው ያንቺ ነው አልኳት። በዚያ ላይ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች፣ የማያውቀው የጎረቤት ልጅ አጥር ዘሎ ገብቶ ቢሰበር እንኳ፣ የቤቱ ባለቤት ልጅን የሚስብ አደገኛ ዕቃ ክፍት ትቷል ተብሎ ሊከሰስ ይችላል። «ሳይጠራው?» አለች። አዎ፣ ሳይጠራው። አገር ቤት እንዲህ ያለ ክስ ብትሰማ ሳቋን አታቆምም ነበር። መሰላሉን ሁልጊዜ ማንሳት የሚመከረው ለዚህም ጭምር ነው። እንኳን የጎረቤት፣ የራስሽ የ3 ዓመት ልጅ በጠዋት ፒጃማዋን እንደለበሰች ትወጣበታለች።

ስለ ነፋስ አጠር አድርጌ ልለፍ። መረብ ያለው ትራምፖሊን ማዕበል ሲመጣ እንደ ድንኳን ይነሳል። በካስማ መሬት ላይ ካልታሰረ የጎረቤት መኪና ላይ ሊያርፍ ይችላል። አጥር ሥር፣ ዛፍ ሥር፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ሥር አይተከልም።

ለትንንሾች ታዲያ ምን ይሻላል? ከመሬት ብዙም ከፍ የማትለውን፣ የሚጨበጥ እጀታ ያላትን ትንሿን። ብዙዎቹ አንድ ሜትር አካባቢ ስፋት አላቸው፣ ቤዝመንት ውስጥ ይገባሉ፣ ዋጋቸውም ከትልቁ ጋር አይነጻጸርም። ስትመርጡ ከቀለሙ በፊት ሸራው ከብረቱ ጋር በምን እንደተያያዘ እዩ። አንዳንዱ በሞላ ነው፣ አንዳንዱ በወፍራም ላስቲክ። ለሕፃን ላስቲኩ ይሻላል፤ ጣት አይቆነጥጥም፣ አይንጫጫም፣ ሲመልስም ለስለስ ይላል። በሞላ ከሆነ የስፖንጅ ሽፋኑ ወፍራም መሆኑንና ከቦታው አለመንሸራተቱን በእጅ እየገፋችሁ ሞክሩ። እግሮቹ ጎማ ከሌላቸው ወለል ላይ ይንሸራተታሉ። የሚችለው ክብደት ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ ሦስተኛ ቢራው ላይ የደረሰ አጎት ጫማውን ሲያወልቅ ያንን ጽሑፍ አሳዩት። አፓርትመንት የምትኖሩ ከሥራችሁ ሰው እንዳለ አትርሱ። ሥሩ ወፍራም ምንጣፍ ቢነጠፍም ድምፁ መውረዱ አይቀርም።

ያገለገለ መግዛትም ይቻላል። ልጆች ቶሎ ያድጋሉ፣ ሰዉም ዕቃው ጓሮ ሲሞላበት በነጻ ጭምር ይሰጣል። ችግሩ ፀሐይ ሸራውንና መረቡን ታደርቀዋለች። ሲያዩት ደህና ነው፣ ክሩ ግን በጣት ሲሳብ ይበጠሳል። የዛገ ሞላ ካያችሁ ጥላችሁት ሂዱ፤ በነጻም ቢሆን ውድ ነው።

አዲስ አበባም አሁን ትራምፖሊን ያላቸው የልጆች መጫወቻዎች አሉ። ከፍለህ፣ ጫማ አስወልቀህ፣ ጊዜ ተቆጥሮልህ ነው። እውነቱን ለመናገር ያ አሠራር ከኛ የጓሮ ልደት ይሻላል። ቢያንስ ከአጠገቡ ቆሞ «በቃ፣ ውረድ» የሚል ሰው አለው። ይሉኝታም አይዘውም፤ ደመወዝ የሚከፈለው ለዚያ ነው።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ትንሿን ገዛች። እጀታዋ ይነቀላል፣ እግሯ ይታጠፋል። የ3 ዓመቷ ጠዋት ትዘላለች፣ የ5 ዓመቱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ። ባለፈው እንግዶች ሊመጡባት ሲሉ ደወልኩላትና «ልጆቹ ሲጣሉባት ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት። «የቷ?» አለችኝ። ከጠዋት ጀምሮ አጥፋ አልጋ ሥር ከታታለች። ልጆቿንም እንዳይናገሩ አስጠንቅቃቸዋለች።