ቁጥቋጦውን ተዉት፣ ከብቱን አስወጡ

የካቲት ሲገባ ደሴ ዙሪያ ያሉት ጋራዎች ላይ ጭስ ይበዛል። በልግ ደረሰ ማለት ነው። ሰው ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ገጀራ ይሳላል፣ የዶማ እጀታ ይለወጣል፣ የተመነጠረው ቁጥቋጦ ተከምሮ ይቃጠላል። ይህ ድሮም የነበረ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን አዲስ ሰው ተጨምሯል። ደሴ ሱቅ ያለው፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራው፣ ዓረብ አገር ለፍታ ብር የቋጠረችው ሁሉ የቤተሰቡን ዳገት ላልማ እያለ ነው። አንዱ ንብ ያስባል፣ ሌላው ማንጎና አቮካዶ፣ ሌላው በግ ማድለብ።

ሐሳቡን እወደዋለሁ። የማልወደው የመጀመሪያውን ስልክ ነው። ብር ይላካል፣ ወንድም ወይም አጎት ጋ ይደወላል፣ "በልግ ሳይገባ ሙልጭ አድርጋችሁ አጽዱልኝ" ይባላል።

ሙልጭ አታድርጉት። የምለው ይኸው ነው።

ስለ የትኛው መሬት እንደማወራ ግን ግልጽ ላድርግ። ገብስ ወይም ማሽላ ስለሚዘራበት ማሳ አይደለም፤ እሱን ገበሬው ከእኔም ከእናንተም በላይ ያውቀዋል። የማወራው ከማሳው በላይ ስላለው ዳገት ነው፤ ድንጋዩ አግጥጦ የወጣበት፣ መሐሉን ቦረቦር የሰነጠቀው፣ እዚህም እዚያም ደደሆና ክትክታ የሚባሉት ቁጥቋጦዎች የቆሙበት። ከኩታበር እስከ ሐርቡ ድረስ እንዲህ ያለ መሬት ያላየ ሰው የለም።

ኮምቦልቻ የሚኖር አንድ ጓደኛዬ ቃሉ ወረዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ዳገት አለው። ሎደር ሊያስገባበት ነበር። "ቆይ እስኪ" ብለው ሳቀብኝ። "አቦ ተወኝ፣ ይኼ ደግሞ ጫካ ሆኖ ነው? ደደሆ ነው እኮ!" አለኝ። እንዲህ የሚያስበው እሱ ብቻ አይደለም። ደደሆንና ክትክታን የምናያቸው እንደ ቆሻሻ ነው። ወይራና ጽድ ቢሆን ኖሮ እጃችን ይሳሳ ነበር።

ግን ለምን እነሱ ብቻ ቀሩ? ፍየል ስለማትወዳቸው ነው። ሌላው ሁሉ ተበልቶና ተቆርጦ ሲያልቅ እነሱ ቆሙ፤ በቆሙበት ቦታም አፈሩ አብሯቸው ቆመ። አሁን በደረቁ ወቅት ሂዱና አንዱን ደደሆ ቅርንጫፉን ገለጥ አድርጋችሁ ከሥሩ እዩት። ዙሪያው ድንጋይ ሆኖ ሥሩ ጋ የወደቀ ቅጠል፣ ትንሽ ጥቁር አፈር፣ ከብት አፉን ያላስገባበት ሣር ታገኛላችሁ። ዕድለኛ ከሆናችሁ ደግሞ ጣት የምታክል የወይራ ቡቃያ። የወይራን ፍሬ የበላች ወፍ ቁጥቋጦ ላይ ታርፋለች፣ ዘሩን እዚያው ትጥለዋለች፤ ቡቃያው በጥላው ውስጥ ከፀሐይም ከፍየል አፍም ይተርፋል። ትግራይ ውስጥ በተከለሉ ዳገቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህንኑ አሳይተዋል፦ ወይራ ባዶ ሜዳ ላይ ከሚበቅለው ይልቅ እንደ ደደሆ ባሉ ቁጥቋጦዎች ሥር የተሻለ ይበቅላል። ሎደሩ የሚጠርገው እንግዲህ ቆሻሻ አይደለም። በነፃ የቆመ የችግኝ ጣቢያ ነው።

ጉቶውም እንደዚያው። ብዙ ሰው ጉቶ ሲያይ ለማገዶ መንቀል ያምረዋል፤ በልግ ከመግባቱ በፊት ድጅኖ ይዞ የሚወጣ አለ። የወይራ ጉቶ ግን ሥሩ ከመሬት በታች በሕይወት አለ፣ ከብት ካልነካው ያቆጠቁጣል። ዋንዛም ያቆጠቁጣል። ጽድ ነው የማያደርገው፤ እሱ አንዴ ከተቆረጠ አለቀ፣ ከዘር ወይም ከችግኝ ካልሆነ አይመለስም። ስለዚህ ጉቶውን ለዩት። ካቆጠቆጠው መሐል ቀጥ ያሉትን ሁለት ሦስት ትታችሁ ሌላውን ቁረጡት፤ የተቆረጠው ማገዶ ይሆናችኋል፣ የቀረው ዛፍ ይሆናል። ከፕላስቲክ የወጣ ችግኝ እንዲህ ያለ ሥር እስኪያወጣ ስንት ክረምት እንደሚፈጅ አስቡት።

ታዲያ የሚነቀል ነገር የለም? አለ፣ እሱ ላይማ ጨክኑ። ቆላውና ወይናደጋው ላይ፣ በተለይ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡና ወደ ባቲ ስትሄዱ፣ ቅንጨ አረም አለ፤ ባለሙያዎቹ ፓርቴኒየም የሚሉት። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከእርዳታ ስንዴ ጋር ወሎ እንደገባ በሰፊው ይነገራል። አንዷ ተክል ብቻዋን ከ10,000 በላይ ዘር ልትጥል ትችላለች። የበላች ላም ወተቷ ይመራል፣ የነካው ሰው ቆዳው ይቆጣል፤ አንዳንዱንም አስም የሚመስል ነገር ያስይዘዋል። ይህን አረም አሁን በደረቁ ማጽዳት ግን ብዙም ትርፍ የለውም፣ ዘሩ አፈሩ ውስጥ ነውና። የበልጉ ዝናብ ሲወርድ ይበቅላል፤ በቅሎ አንድ ወር ገደማ ሲሆነው አበባ ያወጣል። መያዝ ያለባችሁ በዚያ መሐል ነው፤ አፈሩ ርጥብ ሆኖ ከነሥሩ ሲነቀል፣ ነጩ አበባ ሳይወጣ። ጓንት አድርጉ፤ ጓንት ከሌለ ፌስታልም ቢሆን እጃችሁ ላይ እሰሩ። ልጆች አትላኩ።

የወፍ ቆሎም አለ፣ ላንታና። አበባው ያምራል፣ ደሴ ውስጥ አጥር ያደረገው ሰው አይቻለሁ። ዳገት ላይ ሲለቀቅ ግን ሌላውን ሁሉ ውጦ ብቻውን ይነግሣል፤ ቅጠሉም ለከብት መርዝ ነው። በገጀራ መቁረጥ ዋጋ የለውም፣ ይብስበታል። ከነሥሩ በዶማ ነው፣ ለዚያም መሬቱ ትንሽ ሲርስ ይቀላል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ መነቀል ያለባቸው ሁለቱም ዝናብ ከጣለ በኋላ ነው የሚነቀሉት። እኛ ግን ከዝናቡ በፊት ተጣድፈን የምንመነጥረው መቆየት ያለበትን ነው።

እሳቱንም ተዉት። አመዱ ማዳበሪያ ነው ይባላል፤ ሜዳ ላይ ይሁን እሺ፣ ዳገት ላይ ግን የመጀመሪያው ዝናብ አመዱን ጠርጎ ቦርከና ወንዝ ያስገባዋል። እሾሃማው ቅርንጫፍ አጥር ይሁን። ሌላው በአግድም፣ ዳገቱን ተሻግሮ ይነጠፍ፤ ጎርፉን ሰበር ያደርገዋል፣ ደለል ይይዛል፣ እዚያ ላይ ሣር ይበቅላል።

ይህን ሁሉ ማለቴ የበልግ የመጀመሪያ ዝናብ ክፉ ስለሆነ ነው። በጋውን ሙሉ የደረቀና በከብት ኮቴ የተፈጨ አፈር ላይ ባንዴ ይወርዳል። ከደሴ ብዙም ሳይርቅ ማይባር ላይ ከስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 የተከፈተ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ አለ፤ እንዲህ ያለውን ዝናብና የሚጠርገውን አፈር ሲለካ የኖረ። ያንን የምርምር ፕሮግራም ሲመሩ የነበሩት ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ በኢትዮጵያ ከሚታረስ መሬት ላይ በዓመት ከሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምተዋል። አንድ አይሱዙ 5 ቶን ይጫን ብንል ከስምንት አይሱዙ በላይ ነው፣ ከአንድ ሄክታር ብቻ። ዳገቱን ሙልጭ አድርጎ ያስመነጠረ ሰው መሬቱን ወደዚህ ሒሳብ በገዛ ብሩ ማስገባቱ ነው።

ብሩ ካለ ውሃው ላይ ይዋል። ከሁሉ በፊት ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ የሚመልስ መቀልበሻ ቦይ፣ ከዚያ እርከን፣ ከዚያ የቦረቦሩ ክትር፣ እሱም ከአናቱ ተጀምሮ ወደ ታች። ከታች የጀመረ ሰው ክትሩን በመጀመሪያው ጎርፍ ይሸኘዋል። የእርከኑን መስመር በዓይን አትገምቱ፤ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ውሃ ልክና ገመድ አለው፣ ጥሩት፣ ይመጣል። ድንጋይ የሚያነሳ ሰው በደቦ ይገኛል፤ እናንተ ቡናውንና ምሳውን ቻሉ።

ስለ ችግኝ ባጭሩ። በበልግ አትትከሉ። የእኛ በልግ አይታመንም፤ መጋቢት ላይ ሁለት ቀን አዝንቦ ሊጠፋ ይችላል፣ ቢዘንብም ከኋላው የግንቦትና የሰኔ ሐሩር አለ። አሁን ጉድጓዱን ቆፍሩ፣ የበልጉን ውሃ ይጠጣ፣ ሐምሌ ላይ ትተክላላችሁ። ባሕር ዛፍ ለመትከል ለምታስቡ ደግሞ አልነቅፋችሁም፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወርዱ የምታዩት ባሕር ዛፍ ስንት ልጅ አስተምሯል፣ ስንት ቤት አቁሟል። ከምንጭና ከማሳ ራቅ አድርጉት፣ ያቆጠቆጠ ወይራ ባለበት ቦታ አታምጡት። በየዓመቱ በዘመቻ የሚተከለውን በተመለከተ ግን የታዘብኩትን ልበል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን በመላው አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ ሰምተናል፤ የተተከለ ቁጥር መቼም አያጣንም። በሚቀጥለው በጋ ማን አጥር እንደሚያጥርለት፣ ማን ከብት እንደሚመልስለት ግን ማን ይጠይቃል?

ዋናው ነገር ከብት ነው። እርከን ሠርታችሁ፣ አረም ነቅላችሁ፣ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ከብቱ ከቀጠለ የሠራችሁት ሁሉ ለጎረቤት በሬ መሄጃ ይሆናል። ሲዘጋ ግን ምንም ሳይተከልበትም መሬቱ ራሱ ይነሣል። በመጀመሪያው ክረምት ሣሩ ይመጣል፣ ቀጥሎ የጠፋ የመሰላችሁ ቁጥቋጦ፣ ቀጥሎ ጉቶው። ከንክኪ ነፃ የተደረጉ ተራሮች ላይ ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ እዚሁ ወሎ ውስጥ ሞልቷል።

መዝጋት ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። ገበሬው የሚያነሣው ቅሬታ እውነት አለው። ቁጥቋጦ ሲበዛ ከርከሮና ጅብ ይመጣል፣ ዝንጀሮም በቆሎውን ያጠፋል። ለዚህ መፍትሔው ከቤትና ከማሳ አጠገብ ያለውን ጥግ መመንጠር ነው፤ እዚያ ላይ ገጀራችሁን አልከለክልም። ትልቁ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ከብቱ የት ይግባ? ዳገቱ የእናንተ ቤተሰብ ቢሆንም አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ የመንደሩ ከብት ሲሰማራበት ኖሯል። ደሴ ቁጭ ብሎ በስልክ "ተዘግቷል" ማለት ጠብ መጥራት ነው።

ታሪካችንም ይህንኑ ይነግረናል። በደርግ ጊዜ በምግብ ለሥራ የወሎ ተራሮች ተከልለው፣ እርከን ተሠርቶላቸው፣ ዛፍ ለብሰው ነበር። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ብዙዉ በአጭር ጊዜ ተጨፈጨፈ። የጨፈጨፈው ደግሞ ራሱ እርከኑን የሠራው ገበሬ ነው። ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ተራራው የመንግሥት እንጂ የእሱ መስሎ ስለማያውቅ፣ ሣሩንም እንጨቱንም ስላልቀመሰው ነው።

ስለዚህ ሣሩን አካፍሉት። ከብቱ አይገባም፣ ሣሩ ግን ታጭዶ ይወጣል፤ ድሮ ከብታቸውን ያሰማሩ የነበሩት ጎረቤቶች በየተራ ያጭዳሉ፣ ለላምና ለሚደልብ በሬ ተሸክመው ይወስዳሉ። በእርከኑ ላይ ደሾ ሣር ትከሉ፣ አፈሩንም ይይዛል መኖም ይሆናል። ጥበቃውን የሰፈሩ ሰው ይያዘው፣ ክፍያውን እናንተ ቻሉ፤ ለሎደር ያሰባችሁትን ብር አታጡም መቼም። በቃል ብቻ አትቅሩ። በሽማግሌ ፊት ተነጋገሩ፣ የቀበሌው መሬት አስተዳደር ኮሚቴ ባለበት ጻፉት፤ ከብቱ ቢገባ ቅጣቱ ስንት እንደሆነ፣ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ፣ ማገዶ ማን እንደሚለቅም። ይህን ደግሞ አሁን፣ ዳገቱ ደርቆ ማንም ምንም በማይፈልግበት ሰዓት ጨርሱት። ሣሩ ብቅ ካለ በኋላ ተደራዳሪው ይበዛል።