ፎቶውን ማን ይትከለው?

እስቲ ዛሬ ፍረዱኝ። ብሶቴ የአበባ ነው። «ሰው በስንት ነገር ይቃጠላል፣ አንቺ በአበባ ትነጫነጫለሽ» የምትሉ ካላችሁ ከአሁኑ እለፉኝ። ገንዘቤን ከፍዬ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ ቆፍሬ፣ ጠዋት ማታ ባዶ አፈር ላይ ያፈጠጥኩት እኔ ነኝ። የመነጫነጭ መብቴን አትንኩብኝ።

የማወራው በበጋ ስለሚያብቡት ነው። ከዘር ሳይሆን ከኮረት (አፈር ውስጥ እንደ ሽንኩርት ራስ ከሚያብጠው የተክሉ ክፍል) ወይም ከወፍራም ሥር ስለሚበቅሉት። ዳልያ፣ ግላዲዮለስ፣ ሊሊ፣ ቤጎኒያ። ሱቅ ስትገቡ በፕላስቲክ ታሽገው መደርደሪያ ላይ የሚንጠለጠሉትን ታውቋቸዋላችሁ። የእሽጉ ፊት ላይ የሕፃን ልጅ ጭንቅላት የሚያክል አበባ ፎቶ አለ። ጤዛ ሁሉ ተንጠባጥቦበታል። ዕቃው ግን ያለው ከፎቶው ጀርባ ነው፣ ሰጋቱራ ውስጥ ተቀብሮ። የምታዩት ፎቶውን ነው። የምትከፍሉት ለፎቶው ነው። ቤት ወስዳችሁ የምትተክሉት ግን ጭራሽ ያላያችሁትን ነገር ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ!

እኔ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ዕቃውን አሳዩኝ። በቃ።

ለምሳሌ መጠኑን። የኮረት ዋና ነገሩ መጠኑ ነው፣ ንግዱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ደግሞ ይህን አሳምረው ያውቁታል። እነሱ እርስ በርስ ሲገበያዩ የኮረቱን ዙሪያ በሴንቲሜትር ለክተው ነው ደረጃ የሚያወጡለት። «12/14» የተባለ ግላዲዮለስ ዙሪያው ከ12 እስከ 14 ሴንቲሜትር ነው ማለት ነው። «8/10» የተባለው ከእሱ ያነሰው ነው። ኮረት ማለት ተክሉ ባለፈው ወቅት ያጠራቀመው ስንቅ ነው። ስንቁ ካነሰ ቅጠል ብቻ አውጥቶ ሊቀር ይችላል። ቢያብብም ዘንጉ ያጥራል፣ አበባው ያንሳል። ሊሊም እንደዚያው ናት። ከትልቅ ኮረት ብዙ እምቡጥ፣ ከትንሽ ኮረት አንድ ሁለት እምቡጥ።

እሺ፣ ይህ ቁጥር እሽጉ ላይ የት አለ? አንዳንዱ ላይ ከጀርባ፣ ከታች፣ ከባርኮዱ ሥር፣ በአጉሊ መነጽር በሚነበብ ጽሑፍ። እኔ ያየሁት አብዛኛው ላይ ግን ጭራሽ የለም። «20 ኮረት!» የሚለው ግን በደማቁ ተጽፏል፣ ከነቃለ አጋኖው። ብዛቱን ይነግሯችኋል፣ መጠኑን ይደብቋችኋል። ሃያ ጥቃቅን ኮረት ከአምስት ትልልቅ ኮረት ይሻላል ያለው ማን ነው? የምናስበው እኛ ነን ወይስ እነሱ ናቸው የሚያስቡልን?

በነገራችን ላይ ግላዲዮለስ ላይ ስፋት ብቻውን አይበቃም። ሰፍቶ ጠፍጣፋ የሆነው ብዙውን ጊዜ ያረጀ ነው። ጥሩው ከመሃሉ ጎበጥ ብሎ ወፈር ያለው ነው። ይህን ደግሞ አገላብጦ ያላየ ሰው በምን ያውቀዋል?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ዳልያ ነው። የዳልያ ሥር እንደ ጣት የረዘሙ ወፋፍራም ሥሮች ካሮጌው ግንድ ግርጌ ተያይዘው የሚገኙበት ነገር ነው። ዓይኑ፣ ማለትም ቡቃያው የሚወጣበት ቦታ፣ ጣቶቹ ላይ የለም። ያለው ጣቶቹ ከግንዱ ጋር የሚገናኙበት አንገት አካባቢ ነው። ስለዚህ ጣቱ የፈለገውን ያህል ቢወፍር አንገቱ ከተሰበረ ወይም ዓይን ያለው የግንድ ቁራሽ አብሮት ካልመጣ ግንድ አያወጣም። ብትተክሉት አፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይበሰብስ ሊቆይ፣ ቀጫጭን ሥርም ሊያወጣ ይችላል። ከላይ ግን ምንም የለም። እናንተ ትጠብቃላችሁ፣ እሱ ተኝቷል።

ባለፈው የገዛሁትን እሽግ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ከፈትኩት። መጀመሪያ ሰጋቱራ ወረደ። ከዚያ ሰጋቱራ። ከዚያ ሦስት ጣት። አንደኛው አንገቱ ተቆልምሞ በልጥ ብቻ ተንጠልጥሏል። ሁለተኛው ጭራሽ ተገንጥሎ ለብቻው መጥቷል፣ ዓይን የለ፣ ግንድ የለ። ሦስተኛው ደህና ይመስል ነበር። ጫን ሳደርገው አውራ ጣቴ ሰመጠበት። ቡናማ ውኃ ፊጭ አለ። ሽታውን አልነግራችሁም፣ የምትበሉ ትኖራላችሁ። እሽጉን ገልብጬ አየሁት። አበባዋ እዚያው አለች፣ ከነጤዛዋ።

ይህ አንገት ቀጭን ነው፣ በቀላሉ ይሰበራል፣ ሁሉም ያውቃል። ታዲያ እንደ ጠጠር ከረጢት ውስጥ ወርውሮ፣ ካርቶን ላይ ካርቶን ደርቦ የሚያጓጉዘው ማን ነው? ሲሰበርስ የሚከስረው ማን ነው?

የጊዜው ነገር ደግሞ አለላችሁ። ዳልያ ትውልዱ ሜክሲኮ ነው፣ ከ1963 ጀምሮም የአገሪቱ ብሔራዊ አበባ ነው። ግላዲዮለስም አብዛኛው ዝርያው የደቡብ አፍሪካ ልጅ ነው። ውርጭ ወዳጃቸው አይደለም። በተለይ ዳልያ አፈሩ ወደ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይደርስ ከተተከለ ቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ይበሰብሳል። ሱቁ ግን መቼ ነው የሚሰቅለው? ገና ውርጩ ሳይወጣ! ሰው ብርድ ሰልችቶት ቀለም ሲናፍቅ ጠብቀው ነው ፎቶውን ፊቱ ላይ የሚዘረጉለት። ጀርባው ላይ «አፈሩ እስኪሞቅ በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ያቆዩት» ይላል። እኔ ከማቆየው እናንተ አታቆዩትም? ማከማቻው የናንተ፣ ማቀዝቀዣው የናንተ። ቶሎ የምትሸጡት እኮ በእጃችሁ እንዳይበላሽባችሁ ነው። በእጄ እንዲበላሽ ነው የሰጣችሁኝ።

ሊሊ ደግሞ ጉዳይዋ ሌላ ነው። እሷ ብርድ ትችላለች። የማትችለው መድረቅን ነው። ሽንኩርት ላይ የምናየው ዓይነት ደረቅ ልባስ የላትም፣ ቅርፊቷ ገላጣ ነው። ሙሉ በሙሉ እንቅልፍ የሚወስዳት ጊዜም የላትም። ከተነቀለች ቶሎ አፈር ማግኘት አለባት። እንግዲህ መጠበቅ ያለበትን ዳልያና መጠበቅ የሌለባትን ሊሊ አንድ መደርደሪያ ላይ፣ አንድ ሙቅ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ሰቅለዋቸዋል። ሁለቱንም የሚጎዳ ቦታ ፈልገው ያገኙ ይመስላሉ።

አንዷን ሊሊ እዚያው መደርደሪያው ላይ አየኋት። ፕላስቲኩ ውስጥ ጎንቁላለች። ቡቃያዋ ብርሃን አጥቶ ነጭ ሆኗል። መውጫ ሲያጣ የእሽጉን ግድግዳ ተከትሎ ዞሯል፣ እንደገና ዞሯል፣ በመጨረሻ በአየር ማስገቢያዋ ቀዳዳ ጫፉን ብቅ አድርጓል። ከዚያ በኩል ሳትሰብሩ ማውጣት ዘበት ነው። ሊሊ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኮረት አንድ ግንድ ናት። እሱ ከተሰበረ የዘንድሮ አበባ አለቀ። ሻጩን ጠርቼ ባሳየው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጎበዝ ናት እኮ፣ አበቃቀሏ ጥሩ ነው ማለት ነው።» ዝም አልኩ። ምን ይባላል?

መመሪያውስ! አንድ መመሪያ ለሁሉም ይታተማል። «ሹሉን ወደ ላይ አድርገው ይትከሉ፣ በደንብ ያጠጡ፣ ፀሐይ ያለበት ቦታ ይምረጡ።» ቤጎኒያ የትኛው ሹል አላት? ቤጎኒያ አንድ ጎኗ ድቡልቡል፣ ሌላው ጎድጎድ ያለ ነው። ወደ ላይ የሚሆነው ጎድጓዳው ነው፣ ቡቃያው የሚወጣው ከዚያ ነው። የምትተከለውም በጣም ላይ ላዩን ነው፣ ጎድጓዳዋ ውስጥ ውኃ ከተጠራቀመ ደግሞ ትበሰብሳለች። ፀሐይም ቢሆን የቀትሩ አናት አናቷን ሲላት አትወድም። መመሪያውን አክብሮ የተከለ ሰው ሦስቱንም ነገር አበላሸ ማለት ነው።

«በደንብ ያጠጡ» የሚለውማ ዳልያ ላይ የሞት ፍርድ ነው። ገና ሥር ያላወጣ ዳልያ ውኃውን በምን ይጠጣዋል? አፈሩ ራሱ እርጥበት ካለው ቡቃያው ብቅ እስኪል መተው ነው። ጥልቀቱም ቢሆን አንድ ሥዕል ለሁሉም ነው። ግላዲዮለስ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ብዙዎቹ ሊሊዎች ከኮረቱ በላይ ካለው ግንድም ሥር ስለሚያወጡ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ቢወርዱ ይወዳሉ። ቤጎኒያን ይህን ያህል ብትቀብሯት የተከላችሁት ሳይሆን የቀበራችሁት ነው።

ቁመቱንስ ማን ይናገር? ዳልያ 30 ሴንቲሜትር ላይ የሚቀር አለ፣ ከሰው ደረት የሚያልፍም አለ። ረጅሙ ድጋፍ እንጨት ያስፈልገዋል። እንጨቱ ደግሞ መተከል ያለበት ከሥሩ ጋር በአንድ ቀን ነው። በኋላ አስታውሳችሁ ስትሰኩት ሥሩን ትወጉታላችሁ። ይህን በአንድ መስመር መጻፍ ስንት ቀለም ይጨርሳል?

ተርፎ የበቀለው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። «ቢሾፕ ኦፍ ላንዳፍ» የሚባል ዳልያ አለ። አበባው ደማቅ ቀይ ነው፣ ቅጠሉ ግን ወደ ጥቁር የሚያደላ ጥቁር ሐምራዊ ነው። እኔ የምወደው ለቅጠሉ ነው። ስሙም ፎቶውም እሽጉ ላይ ነበር። በቀለ፣ ደስ አለኝ። ቅጠሉ ተዘረጋ። አረንጓዴ! የሰላጣ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ። አበባ ሳይወጣ ገና ሌላ ሰው እንደላኩብኝ አወቅሁ። እንግዲህ አትንቀሉት አይባል፣ ነፍስ ነው። አሁን ቤቴ ያለው ማን እንደሆነ የማላውቀው ሮዝ ዳልያ ነው። ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። እኔ ግን የከፈልኩት ለእሱ አይደለም።

ሰማያዊ ዳልያ የሚሸጡትንማ ተዉአቸው። እንደ ሰማይ የጠራ ሰማያዊ አበባ ፎቶ ለጥፈው ኢንተርኔት ላይ የሚያዞሩት አሉ። ገበያ ላይ እንዲህ ያለ ሰማያዊ ዳልያ የለም። ዳልያ ያን ቀለም የሚሰጠውን ንጥረ ነገር በተፈጥሮው አይሠራም። «ሰማያዊ» ከተባለ ቢበዛ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ነው፣ የቀረውን ኮምፒውተር ቀብቶታል። ፎቶው ሥር ያለውን አስተያየት ብታዩ «ከየት ይገኛል?» «ለእኔም ላኩልኝ» ነው። አንጀቴን የሚበላኝ እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀልድ የለበትም። ሊሊ ለድመት መርዝ ናት። ቅጠሏ፣ አበባዋ፣ ብናኟ፣ የተቀመጠችበት ውኃ ሳይቀር የድመት ኩላሊት ያጠፋል። ብናኙ ጸጉሯ ላይ አርፎ ስትልሰው እንኳ ሊገድላት ይችላል። ድመት ያለው ሰው ይህን ማወቅ ያለበት ከመግዛቱ በፊት ነው፣ ፎቶው ጎን፣ በትልቁ። እኔ ካየኋቸው እሽጎች ስንቶቹ ላይ እንዳልነበረ ብነግራችሁ ትናደዳላችሁ። «ለጀማሪ ተስማሚ» የሚለው ግን አይቀርም!

ስለ ቀንድ አውጣ አላወራም። እነሱ ቢያንስ አያታልሉም፣ ሌሊት መጥተው በልተው ይሄዳሉ።

የበሰበሰውን ይዤ ሱቁ ሄጄ ነበር። በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ ከነደረሰኙ። ሰውዬው ሳይከፍተው «ውኃ አብዝተሽበት ይሆናል እህቴ» አለኝ። ገና አልተተከለም እኮ ወንድሜ! ሰጋቱራው እንኳ አልረገፈለትም! «እንግዲያስ ሙቀት አግኝቶት ይሆናል።» እሺ፣ የት? ቀና ብዬ አየሁ። መደርደሪያው ያለው የማሞቂያው አፍ ላይ ነው። እሱም ቀና ብሎ አየ። ከዚያ «ኃላፊውን ላናግር» ብሎ ገባ፣ በዚያው ቀረ።

ስለዚህ አሁን የምገዛው በልቅ ከሚሸጥ ሰው ብቻ ነው። ሳጥን ውስጥ አፍስሶ፣ «ምረጪ» ከሚል ሰው። ዳልያ ከሆነ አንገቱን አያለሁ፣ ዓይኑን እፈልጋለሁ። ላዩ ላይ ትንሽ ሻጋታ ቢኖር አይደንቀኝም፣ በጨርቅ ይጠረጋል። የሚለሰልስ ከሆነ ግን እመልሰዋለሁ። ሊሊ ከሆነች ጠንካራና ከበድ ያለችውን፣ ታችዋ ላይ ሥሯ ያልደረቀውን እወስዳለሁ። ግላዲዮለስ ከሆነ ጎበጥ ያለውን። ሜትሬንም ይዤ ነው የምሄደው፣ የልብስ ሰፊዋን፣ ሳቁብኝ። ሻጩ «አይነካም» ካለኝ ደግሞ አልጨቃጨቅም። ሌላ ቦታ እሄዳለሁ።