«ያቺ ልጅ ዛሬ ትመጣለች?»

ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ሌሊት ሌሊት እሠራለሁ። አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ ስለ ሃይማኖት በጣም ያሳሰበኝን ነገር ያየሁት እዚያው ነው። በተለይ ካህን እንዴት እንደሚሠለጥን።

እዚህ አገር ብዙ ሴሚናሪዎች፣ ማለትም የካህናት ማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶች፣ ተማሪያቸውን ሆስፒታል ይልኩታል። አንዱ ዙር 400 ሰዓት ያህል ነው። ተማሪው ከበሽተኛ ጎን ይቀመጣል፣ ያዳምጣል። ከዚያ የተባባሉትን ቃል በቃል ጽፎ ለአስተማሪውና ለጓደኞቹ ያነባል። «እዚህ ላይ ለምን ቸኮልክ?» እያሉ ያፋጥጡታል።

ነገሩን የጀመረው አንቶን ቦይሰን የሚባል የፕሬስቢቴሪያን (የፕሮቴስታንት ወገን) ቄስ ነው። በ1920 እ.ኤ.አ. አእምሮው ታውኮ ሆስፒታል ገባ። ሲያገግም ያ መከራ ሊጠና የሚገባው ትምህርት ሆኖ ታየው። በ1925 ማሳቹሴትስ ውስጥ በዉስተር የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አራት ተማሪዎች ተቀብሎ ማሠልጠን ጀመረ። መጽሐፍ እንደሚነበብ ሁሉ የተጨነቀ ሰውም በጥሞና መነበብ አለበት ባይ ነበር።

አንድ ሌሊት የሰባት ወር ጽንስ የሞተባት የአገራችን ልጅ ተኝታ ነበር። ደም ግፊቷን ልለካ ስገባ አንዲት የሜቶዲስት (ይህም የፕሮቴስታንት ወገን ነው) ሴሚናሪ ተማሪ አጠገቧ ተቀምጣለች። አስተርጓሚው በስልክ ነው። ተማሪዋ «እኔም እናቴን በካንሰር አጥቻለሁ» ብላ ጀመረች። አላቆመችም። መጨረሻ ላይ አልጋ ላይ ያለችው እጇን ዘርግታ ተማሪዋን ታባብላት ጀመር።

በማግስቱ ተማሪዋን ኮሪደር ላይ አገኘኋት። ዓይኗ ቀልቷል። አስተማሪዋ «ያንን ታሪክ የነገርሻት ለእሷ ነው ወይስ ለራስሽ?» ብላ ጠይቃታለች። ሜቶዲስቶች መጽሐፍ ቅዱስን፣ ትውፊትን፣ አእምሮንና የሕይወት ተሞክሮን አንድ ላይ አድርገው ስለ እምነት ማሰብ ይማራሉ። እሷም ተምራዋለች። ግን ተሞክሮ ማለት የራስን ቁስል ማውራት መስሏት ኖሯል። ያን ቀን ተመልሳ ገባች። አርባ ደቂቃ ያህል ምንም ሳትናገር አብራት ተቀመጠች።

ማታ የእኛው ቄስ መጡ። በመስቀል ባረኳት፣ ጸለዩላት፣ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ አይዞሽ» ብለው ወጡ። መስቀሉን ስትሳለም ፊቷ ሲፈታ በዓይኔ አይቻለሁ። ተማሪዋ ይህን ልትሰጣት አትችልም። ጠዋት ግን የጠየቀችኝ «ያቺ ልጅ ዛሬ ትመጣለች?» ብላ ነው።

አገር ቤት ቢሆን ይህ ጥያቄ ላይነሳ ይችል ነበር። አስታማሚ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ሐዘኑን ሰው ይከፋፈለዋል። ካህኑ ጸሎቱን ያደርሳል፣ ጆሮ የሚሰጥ ሌላ ሰው አይጠፋም። እዚህ ባሏ እንኳ ሥራ እንዳይቀርበት ንጋት ላይ ሄዷል። የአባ አምስት ደቂቃ የመንደሩን ሁሉ ቦታ መሙላት ሊኖርበት ነው።

የእኛ ካህናት ሕይወትን አልተማሩም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሽ ይለምናል። ረሃብን ከየትኛውም ሴሚናሪ በላይ ያውቀዋል። ቅኔ ቤት ደግሞ የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። ያየውንና የሰማውን ሰምና ወርቅ አድርጎ ለየኔታ ይነግራል፣ የኔታ ያርሙታል። ይህ ከአሜሪካኖቹ የቃል በቃል ንባብ በምን ያንሳል? ቅዱስ ያሬድም ትምህርት አልገባ ብሎት ሲሸሽ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ እየወደቀች ደጋግማ የምትወጣ ትል አይቶ ነው የተመለሰው ይባላል።

አባን ወደ መኪናቸው ስሸኛቸው ስለ ተማሪነታቸው ጠየቅኋቸው። ጎጃም ቅኔ ቤት እያሉ ወባ ጥሏቸው፣ ጓደኞቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው ሌሊቱን ሙሉ እንደተጓዙ ነገሩኝ። ድምፃቸው ተለወጠ።

«አባ፣ ይህን ለሰው ነግረው ያውቃሉ?»

«አይ ልጄ፣ ውዳሴ ከንቱ ይሆናል እኮ።»

አከበርኳቸው። ራስን አለመስበክ ትልቅ ሥርዓት ነው፣ ተማሪዋም ያ ቢኖራት አትሳሳትም ነበር። ግን ሳይናገሩትም የሚሠሩበት መንገድ አለ። በቃሬዛ ላይ ያለ ሰው ምን እንደሚፈልግ ያውቁታል። በሽተኛዋ አልጋ አጠገብ ወንበር ስበው እንዲቀመጡ የነገራቸው ሰው የለም እንጂ። በውጭ ያሉ አብያተ ክርስቲያኖቻችን ካህናትና ዲያቆናትን ለዚህ ሥልጠና ቢልኩ፣ ወጪውንም ምእመኑ ቢሸፍን ደስታዬ ነው። ለሕንፃ ስናዋጣ እንዴት እንደምንበረታ እናውቃለን።

ባለፈው እሑድ የማመልከቻውን ቅጽ አትሜ ወሰድኩላቸው። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠን መሙላት ጀመርን። ስማቸውንና አድራሻቸውን በትልልቅ ፊደል ጻፉ። «የቀድሞ ትምህርት» የሚለው ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶው ቆመ። የዘጠኝ ዓመቱ ቅኔና ትርጓሜ በዚያች አንድ መስመር የሚገባ አልሆነም። ተጨማሪ ወረቀት ፍለጋ ተነሣሁ።