በመነጽር ውስጥ መንገድ መፈለግ

እናቴ ልትጠይቀኝ ወደምኖርበት አገር በመጣች ጊዜ፣ አንድ የምርምር ቡድን ቦታንና አቅጣጫን የመለየት ችሎታን በቨርቹዋል ሪያሊቲ (ኮምፒውተር የሠራውን ዓለም በመነጽር በሚያሳይ ቴክኖሎጂ) ለመመዘን ከተለያየ አገር የመጡ አረጋውያን በጎ ፈቃደኞችን ይፈልግ ነበር። እሷም «ምን ይጎዳኛል» ብላ ስለተስማማች አስተርጓሚ ሆኜ አብሬያት ገባሁ። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ በተሽከርካሪ ወንበር ሳይሆን በሚዞር የቢሮ ወንበር ላይ አስቀመጧት፤ መነጽሩ ዓይኗን ሙሉ በሙሉ ሸፈነው፤ በእጇም በአውራ ጣት እየተገፋ የሚሠራ መቆጣጠሪያ ሰጧት። በመነጽሩ ውስጥ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች እርስ በርስ የሚቋረጡበት ሰው አልባ ከተማ አለ፤ ተፈታኙ በአንድ መንገድ ተመርቶ ከሄደ በኋላ በራሱ ወደ ተነሳበት እንዲመለስ ይጠየቃል። እናቴ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ስትደርስ የወንበሩን ክንድ ጨብጣ «አዞረኝ፣ አውልቁልኝ» አለች።

መነጽሩ ከወለቀላትና ውኃ ከጠጣች በኋላ ግን፣ ማንም ሳይጠይቃት ወደ አንደኛው ግድግዳ እየጠቆመች «የገባንበት በር በዚህ በኩል አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ወደዚያ ክፍል የደረስነው በአሳንሰር ወጥተን፣ በሁለት ኮሪደር ታጥፈን ነበር። እኔ የበሩን አቅጣጫ ፈጽሞ አላውቀውም ነበር፤ ስንወጣ ሳየው የጠቆመችው ትክክል ነው። የፈተናው ባለሙያ በቅጹ ላይ የጻፈችው «በማዞር ምክንያት አልተጠናቀቀም» የሚል ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው መሣሪያውን ለማጣጣል አይደለም። ፈተናው የተነሳበት ምክንያት ጠንካራ ነው። የአንጎል ተመራማሪው ጆን ኦኪፍ እ.ኤ.አ. በ1971 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሂፖካምፐስ በተባለው፣ ለትውስታ በሚያገለግለው የአይጥ አንጎል ክፍል ውስጥ እንስሳዋ በአንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ስትሆን ብቻ የሚነቁ ሕዋሳት መኖራቸውን አሳየ። በ2005 ደግሞ ሜይ ብሪት ሞዘርና ኤድቫርድ ሞዘር ከባልደረቦቻቸው ጋር በጎረቤቱ የአንጎል ክፍል፣ በኤንቶራይናል ኮርቴክስ፣ ቦታን እንደ መረብ እየከፋፈሉ የሚለኩ ሕዋሳትን አገኙ፤ ሦስቱም በ2014 የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ ቀድሞ ከሚያጠቃቸው የአንጎል ክፍሎች አንዱ ይኸው ኤንቶራይናል ኮርቴክስ በመሆኑ፣ ሰው ስም መርሳት ከመጀመሩ በፊት መንገድ መሳት ሊጀምር ይችላል የሚለው ሐሳብ ከዚህ የመነጨ ነው። በወረቀትና በእርሳስ የሚሰጡት የተለመዱ ፈተናዎች ይህን ለመያዝ አቅም ያንሳቸዋል። ከ1975 ጀምሮ በብዙ አገሮች የሚሠራበት አጭሩ የአእምሮ ሁኔታ ፈተና ስለ ቦታ የሚጠይቀው የት አገር፣ የት ከተማና በስንተኛ ፎቅ ላይ እንዳለን ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ ፎቅ በሌለበት የኖረ ሰው በዚህ ጥያቄ ስለሚያጣት አንድ ነጥብ ምን ማለት እንደሚቻል ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ስለዚህ መነጽሩ ከወረቀቱ እንደሚሻል እስማማለሁ፤ ጥያቄዬ በመነጽሩ ውስጥ የማን ዓለም ተሠርቷል የሚል ነው። በ2016 የወጣው «ሲ ሂሮ ክዌስት» የተባለ የስልክ ጨዋታ፣ ተጫዋቹ ካርታ ተመልክቶ ጀልባ እየነዳ መንገድ እንዲፈልግ በማድረግ ከመላው ዓለም ከሚሊዮኖች መረጃ ሰብስቧል፤ በማግስቱ ዓመትም የቨርቹዋል ሪያሊቲ ቅጂ ወጥቶለታል። ከዚያ መረጃ ተነስቶ በ2022 የታተመው ጥናት፣ በ38 አገሮች የሚኖሩ ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ውጤት መርምሮ፣ ከከተማ ውጭ ያደጉ ሰዎች በአማካይ የተሻለ መንገድ ፈላጊዎች መሆናቸውን፣ ጎዳናቸው እንደ ዳማ ሰሌዳ በተሰመረ ከተሞች ያደጉት ደግሞ ቀለል ብሎ በተሰመረው የጨዋታው ደረጃ ላይ የተሻሉ እንደሆኑ አሳይቷል። ልጅነት የተገፋበት መንገድ በአዋቂነት ውጤት ላይ አሻራውን ይተዋል ማለት ነው። ከዚሁ ጨዋታ መረጃ ተነስቶ ቀደም ብሎ በ2018 የወጣው ጥናት ግን የአገሮች አማካይ ውጤት ከኢኮኖሚያቸው ብልጽግና ጋር አብሮ ከፍ እንደሚል ጽፏል። ተመራማሪዎቹ ጣት ለጨዋታ ያለውን ቅልጥፍና በመጀመሪያዎቹ የመለማመጃ ደረጃዎች ለማካካስ መሞከራቸውን አደንቃለሁ፤ ሆኖም ስልክ ያልያዘ ሰው ከመጀመሪያውም በመረጃው ውስጥ የለም።

እኔ ራሴ በሁለቱ ዓለማት መካከል የቆምኩ ስለሆንኩ ልዩነቱ አይጠፋኝም። አገር ቤት ሳለሁ መንገድ የሚነገረኝ «ወደ ላይ ትወጣለህ፣ ከዚያ ወደ ታች ትታጠፋለህ» እየተባለ ነበር፤ ላይና ታች ማለት የመሬቱ ተዳፋት እንጂ የካርታው ጫፍ አይደለም፤ ሰሚውም ዳገቱን በእግሩ እያገኘው ያረጋግጣል። እዚህ ግን የጎዳናው ስምና የቤቱ ቁጥር ከተነገረህ በቂ ነው፤ ስልኩ ታጠፍ ሲልህ ትታጠፋለህ። ለዓመታት በየቀኑ የምነዳበትን መንገድ፣ ስልኬ በጠፋ ዕለት፣ ከሥራ ቦታዬ እስከ ቤቴ ድረስ በወረቀት ላይ ልስለው ሞክሬ አልተሳካልኝም። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት በሕይወታቸው ጂፒኤስን (በሳተላይት መንገድ የሚመራውን መሣሪያ) አብዝተው የተጠቀሙ ሾፌሮች ያለ እርዳታ መንገድ ሲፈልጉ የቦታ ትውስታቸው ደከም ያለ መሆኑን ሲያመለክት፣ የእኔን ወረቀት ያዩት መሰለኝ።

እናቴን ያስተረጎምኩበት ሰዓት ሌላም ነገር አሳየኝ። ባለሙያዋ «ወደ ግራ ታጠፊ» ስትል፣ እናቴ በአውራ ጣቷ መቆጣጠሪያውን ከመግፋት ይልቅ ወገቧን ታዞር ነበር። ባለሙያዋም በትሕትና «ሰውነቷን አታንቀሳቅስ» እንድላት ጠየቀችኝ። ነገር ግን ሰው በተፈጥሮው የት እንዳለ የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ አይደለም፤ በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን አካል መዞርን ይናገራል፣ እግርና ጡንቻ ርቀትን ይቆጥራሉ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓይን «እየሄድኩ ነው» ሲል ጆሮ «ቆመሃል» ይላል፤ ማዞሩና ማቅለሽለሹ የሚመጣው ከዚህ ጠብ ነው። ከልጅነቱ ከስክሪን ጋር የኖረ ሰው ይህን ጠብ በመጠኑም ቢሆን ለምዶታል። ላልለመደው ግን ፈተናው ገና ሳይጀመር ያልቃል፤ ይባስ ብሎም በቅጹ ላይ ድካሙ የእሱ ሆኖ ይመዘገባል።

ለዚህም ነው ከማውቃቸው የቨርቹዋል ሪያሊቲ ፈተናዎች ሁሉ፣ ጌጥ የሌለው አንዱ የበለጠ የሚያሳምነኝ። በ2019 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ተፈታኙ መነጽር አድርጎ በእውነተኛ እግሩ ባዶ ሜዳ ላይ ይራመዳል። አንድ ሾጣጣ ምልክት ይታየዋል፤ ወደ እሱ ሲደርስ ምልክቱ ይጠፋና ሁለተኛው ይታያል፤ ከዚያም ሦስተኛው። በመጨረሻ «አንደኛው ምልክት ወደነበረበት ተመለስ» ይባላል፤ በቆመበትና በትክክለኛው ቦታ መካከል ያለው ርቀት ይለካል። በአንዳንዱ ሙከራ ላይ በሩቅ የሚታየው አካባቢ፣ በሌላው ደግሞ የመሬቱ ገጽ ስለሚሰወር፣ ሰው ይበልጥ በእርምጃው የሚተማመንበት ጊዜ አለ። ቀላል የአእምሮ ድካም (የማስታወስና የማሰብ ችሎታ መጠነኛ መቀነስ) ያለባቸው ሰዎች ከጤነኞቹ የበለጠ ሲሳሳቱ፣ ከእነሱም መካከል የአልዛይመር ምልክት በምርመራ የተገኘባቸው የባሰ ርቀት ስተዋል። በዚህ ፈተና ውስጥ ጎዳና የለም፣ ጽሑፍ የለም፣ ካርታ የለም፤ ፊደል ያልቆጠረም ሆነ ጂፒኤስ ያልነካ ሰው ያለ ማብራሪያ ጋጋታ ሊፈተነው ይችላል።

አገር ቤት ካሉ ሐኪሞች ጋር ስነጋገር፣ አዲስ መሣሪያ ሲነሳ ወይ ከልክ ያለፈ ጉጉት ወይ «ለእኛ አይሆንም» የሚል መልስ ይገጥመኛል፤ ሁለቱም አይዋጡልኝም። የአንጎል ምስል የሚያነሳ ማሽን ሩቅ በሆነበት ቦታ፣ ያለ ኮምፒውተር ብቻውን የሚሠራ መነጽርና ጥቂት ሜትር ባዶ ወለል ብዙ ሊጠቅም ይችላል። ነገር ግን «ጤነኛ» የሚባለው ልክ ከየት ይመጣል? የሌላ አገር ጡረተኞች ውጤት ተገልብጦ ከመጣ፣ ለእኛ አረጋውያን ወይ ያልታመሙትን ታማሚ ያደርጋል፣ ወይም ዕድሜ ልካቸውን በእግር ሲዞሩ የኖሩትን ሰዎች የጀመረ ድካም ጤና አስመስሎ ይሸፍናል። ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈራኛል፤ ምክንያቱም ጎበዝ መንገደኛ ከነበረበት ከፍታ ብዙ ወርዶም ቢሆን ከሌላው አማካይ በላይ ሊቆም ይችላል። ሰዎቻችንን በራሳቸው ዕድሜ፣ ትምህርትና አስተዳደግ ለክቶ መነሻ መስመር ማስመር፣ መሣሪያውን ከመግዛት የሚቀድም ሥራ ነው።

እናቴ ወደ አገሯ ከመመለሷ በፊት ያው ቡድን በእግር የሚሠራውን ዓይነት ፈተና ለመሞከር ጠራን፤ እኔም ተፈተንኩ። እሷ መነጽሩን አድርጋ፣ እጇን ትንሽ ወደፊት ዘርግታ፣ በዝግታ ከምልክት ወደ ምልክት ሄደች፤ ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ቆም ብላ ትከሻዋን አዞረች፣ ከዚያም ማንንም ሳትጠይቅ ተራመደች። አንድም ጊዜ አላዞራትም። ከሙከራዎቹ በአንዳንዱ እሷ፣ በአንዳንዱ እኔ ቀርበን ቆምን። እናቴ በዕድሜ በሠላሳ ዓመት ብትበልጠኝም ውጤታችን የተጠጋጋ ነበር። ባለሙያዋ የሁለታችንን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣ እናቴ በልጅነቷ የት እንዳደገችና ምን ያህል በእግሯ እንደሄደች ጠየቀችኝ፤ መልሱን የምትጽፍበት ቦታ በቅጹ ላይ ስላልነበረ በኅዳጉ ላይ ጻፈችው።