በጥሩምባ የተነገረ ሞት ወረዳ ሲደርስ ምስጢር ይሆናል?

አምና የአጎቴን የሞት ሰርተፍኬት ላወጣ አንድ ወረዳ ሄድኩ፣ የት እንደሆነ ልተወው። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ምኑ ነህ አለችኝ፣ የወንድሙ ልጅ ነኝ፣ ልጆቹ ውጭ ናቸው አልኳት፣ እንግዲያው በኤምባሲ በኩል ውክልና ይላኩልህ አለች። እሺ መመዝገቡን ብቻ እዪልኝ ስላት "እሱ ምስጢር ነው"።

አጎቴ የሞተ ቀን ገና ሳይነጋ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ስሙን እየጠራ ሰፈሩን ዞሯል፣ ድንኳኑ ሦስት ቀን መንገድ ዘግቶ ቆሟል፣ ስሙና የሞተበት ቀን መቃብሩ ላይ ተቀርጿል። ታዲያ ከማን ነው የሚደበቀው?

የልደት መዝገብ ይከፈት እያልኩ አይደለም። እሱ ላይ የእናት የአባት ስም አለ፣ በጉዲፈቻ ያደገ ሰው አለ፣ አባቱ ያልተጻፈለት ልጅ አለ፣ የተመዘገበው ሰው በሕይወት እያለ ማንም ተነስቶ ሊያገላብጠው አይገባም። መታወቂያ ላይ ብሔር ይጻፍ በነበረበት አገር ደግሞ የሰው ዳታ እጅ በእጅ ሲዞር ምን እንደሚመጣ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። ሞት ግን ሌላ ነው። ስም፣ ቀን፣ የሞተበት ወረዳ፣ በቃ ይሄን ማንም ጠይቆ ማየት አለበት። የሞቱ ምክንያትና የቤተሰቡ አድራሻ ተዘግቶ ይቀመጥ።

ለምን ይጠቅማል ካላችሁ ቤት ስትገዙ አስቡት። ሻጩ በውክልና ነው የሚሸጠው፣ ወካዩ አሜሪካ ነው ይባላል፣ ወረቀቱ ማህተም በማህተም ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ወካዩ ሲሞት በመርህ ደረጃ ውክልናውም አብሮ ይቀራል፣ ሰውዬው ከዓመት በፊት እዚሁ አዲስ አበባ ተቀብሮ ቢሆንስ? ገዢው በምን ያውቃል? ወረዳ ሄዶ ቢጠይቅ እንደኔ ምኑ ነህ ነው የሚባለው፣ ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ወራሾቹ ክስ ይዘው ሲመጡ ነው የሚሰማው።

እንግሊዝ ውስጥ በነሱ አቆጣጠር ከ1837 ጀምሮ ያለውን መዝገብ ማንም ከፍሎ ኮፒ ያዝዛል፣ ዘመድ ነህ ወይ የሚል የለም። እነሱ ልደቱንም ከፍተውታል፣ እኔ እዛ ድረስ አልሄድም።

እኛ ጋ መዝገቡ ራሱ ገና ልጅ ነው። በ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ላይ ተጽፎ ስንት ዘመን ተኝቶ ቆየ፣ የምዝገባው አዋጅ፣ አዋጅ 760፣ የወጣው በ2004፣ በአገር ደረጃ ምዝገባ የተጀመረው ደግሞ 2008 ሐምሌ ላይ ነው። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሞት እማ ጭራሽ የሚያስታውሰው የለም፣ ኤድስ አዲስ አበባን ሲፈጅ እንኳን የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1993 ጀምሮ ሟች የቆጠሩት በየቀብር ቦታው እየመዘገቡ ነው። ሞትን በ30 ቀን አስመዝግቡ ይላል ሕጉ፣ ውርስ ወይ ጡረታ ከሌለ ግን ማን ይሄዳል? ማንም የማያየው መዝገብ ጎደለ አልጎደለ ማን ያውቃል።

የአጎቴን ልጨርስላችሁ። ውክልናው ስድስት ሳምንት ፈጅቶ መጣ፣ ልጅቷ ሲስተም የለም ብላ ሁለቴ መለሰችኝ፣ በሦስተኛው ፈልጋ ፈልጋ "አልተመዘገበም" አለችኝ። ይቺን አንዲት ቃል ለመስማት ነው ስድስት ሳምንት። ለማስመዝገብ ምን ያስፈልጋል ስላት፣ መሞቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከእድር አምጣ።

የእድሩ ጸሐፊ ደብተሩን ገለጠ፣ በጣቱ እየተከተለ ስሙን አገኘው፣ እዛው ቁጭ ብሎ ጻፈልኝ። ምኑ ነህ ብሎ እንኳን አልጠየቀኝም።