የሁለት ቀን ሕግ፣ የ363 ቀን ግድያ

ፍሎሪዳ በጁን 2025 (እ.ኤ.አ.) ደስታ ላይ ነበረች። የፌዴራሉ የባሕር ዓሣ ሀብት አገልግሎት በዚያ ወር ባወጣው ደንብ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ በኩል ለመዝናኛ አጥማጆች ቀይ ስናፐር (red snapper) የተባለው ዓሣ የሚያዝበትን ጊዜ ከ2024ቱ አንድ ቀን ወደ ሁለት አሳደገው፤ ጁላይ 11 እና 12። በጃንዋሪ አቅርቦት የነበረውን ሐሳብ ደግሞ ጣለው። ሐሳቡ ከኬፕ ካናቬራል እስከ ጆርጂያ ወሰን ባለው ባሕር፣ በአሜሪካ ክረምት፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባሉት ሦስት የብርድ ወራት፣ 55 ዓይነት የባሕር ወለል ዓሦችን ለመዝናኛ ማጥመድን የሚከለክል ነበር። የገዥው የሮን ዴሳንቲስ አስተዳደር ሲቃወመው ቆይቶ ቀናው።

እኔም መደሰት ነበረብኝ። ከአትላንታ ጃክሰንቪል ድረስ ከአምስት ሰዓት በላይ የምነዳው ለዚሁ ለመንጠቆ ነው። ደስታው ግን ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ።

«መንጠቆ ስትጥል ከቀይ ስናፐር ሌላ አይወጣም፤ ባሕሩ ሞልቶ እያለ ምኑ ይዘጋል?» ይላሉ። ከወደቡ ጀምሮ እስከ ባለሥልጣኑ ወንበር የሚሰማው ይኸው ነው። አዎ፣ ሞልቷል። በምን? በልጆች! ይህ ዓሣ እስከ ሃምሳ ዓመት የሚኖር ነው፤ እንቁላሉን በገፍ የምትጥለውም ያረጀችውና የገዘፈችው ናት። የመዋዕለ ሕፃናት ግቢ ስለተጨናነቀ አገሩ ሽማግሌ ሞልቶታል ብሎ የሚከራከር ሰው ምን ይባላል?

ለመዝናኛ አጥማጆች በዓመት የሚፈቀደው ኮታ ደግሞ በ2024 29,656 ዓሣ ነበር፤ በ2025 22,797 ሆነ። ኮታው ወርዶ ቀኑ የወጣበትን ስሌት የገባው ካለ ያስረዳኝ።

ዋናው ጉዳይ ግን ኮታውም ቀኑም አይደለም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እዚህ ሌላ ዓሣ የጎረጎረ ሁሉ ቀይ ስናፐር ያወጣል። ሁሉም አንድ ድንጋይ ሥር ስለሚኖሩ መንጠቆው አይመርጥም። ከ30 ሜትር ጥልቀት ተጎትቶ የሚወጣ ዓሣ ምን እንደሚሆን ያላየ ይስማ፤ በሆዱ ያለው የአየር ከረጢት ይነፋል፣ ጨጓራው በአፉ ይወጣል፣ ዓይኖቹ ይፈጣሉ። ባለፈው የካቲት አጠገቤ የነበረ ያገሬ ልጅ እንዲህ የሆነውን ከመንጠቆው አላቅቆ ወረወረውና «አይዞህ ወንድሜ፣ ዋኝቶ ይሄዳል» አለኝ። አልሄደም። በጎኑ ተንጋልሎ፣ ክንፉን እያርገበገበ ከጀልባው ኋላ ቀረ፤ ፔሊካን የተባለው ዓሣ በል ወፍ መጥቶ አነሣው። ከ2020 ጀምሮ ዓሣውን ወደ ጥልቀቱ መልሶ የሚያወርድ መሣሪያ ዝግጁ ሆኖ ጀልባው ላይ እንዲገኝ ሕግ ያዛል። ተገኝቷል፤ ከነማሸጊያው ሣጥን ውስጥ።

የመንግሥት ሳይንቲስቶች ራሳቸው የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ከሚያዘው ይልቅ ተመልሶ የሚጣለው ነው የሚያልቀው። ታዲያ ሁለት ቀን ፈቅዶ በቀሩት 363 ቀናት እዚያው ድንጋይ ላይ «ለሌላ ዓሣ» መንጠቆ እንዲጣል መተው፣ ጎተራውን ነቀዝ እየፈጀው በሩ ላይ ዘበኛ ማቆም ነው። ነቀዙ ዘንድ የሚደርሰው መንጠቆውን ራሱን ከወለሉ የሚያነሣ መዝጊያ ብቻ ነበር፤ የጣሉት እሱን ነው።

ሲጥሉም የመጀመሪያቸው አይደለም። በ2010 ከጆርጂያና ከሰሜን ፍሎሪዳ ፊት ለፊት አምስት ሺህ ስኩዌር ማይል የሚጠጋ ባሕር ለወለል ዓሣ አጥማጆች እንዲዘጋ ተወስኖ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ሳይሠራበት ተነሣ። ያኔም «አዲስ መረጃ መጣ» ተባለ።

ጀልባ የሚያከራዩት ካፒቴኖች በክረምት ገቢያቸው ይጎዳል የሚለውን አልክድም፤ ይካሱ። የቀረው ጩኸት ግን ማቀዝቀዣ ሣጥኑን ለመሙላት ከአትላንታ የሚነዳው የእኔ ዓይነቱ ሰው ጩኸት ነው፤ ለእኔ ደግሞ ማንም ማዘን የለበትም።

ሁለቱ ቀን ባለቀ ማግስት፣ ጁላይ 13 ጠዋት፣ ያው ጀልባ ያው ድንጋይ ላይ ይቆማል። እስከ ቀትር ስምንት ወይም ዐሥር ቀይ ስናፐር አውጥቼ እመልሳለሁ፤ ስንቱ እንደሚተርፍ ፔሊካኑ ያውቃል። ማታ ወደቡ ላይ ተቆጣጣሪው ሣጥኔን ከፍቶ ያያል። ቀይ የሚባል ዓሣ የለበትም። አመስግኖ ያሳልፈኛል።