መኪና ልከራይ ነው እንጂ ልሰርቅ አልመጣሁም!

እናንተዬ፣ ደሜ ፈልቷል። እኩለ ሌሊት አልፏል፣ ጣልያን ውስጥ ሲዬና ከተማ አጠገብ ያለ አንድ የገጠር እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነን፣ ሰው ሁሉ ተኝቷል። እኔ ብቻ ስልኬን ይዤ መታጠቢያ ቤት ተጎልቻለሁ፤ ዋይፋዩ የሚይዘው እዚህ ብቻ ነው። አሳጥሬ እጽፋለሁ ብዬ ነበር። አላሳጥርም።

ሚላን ሰርግ እንዳለብን፣ የእማማን ቪዛ ታውቃላችሁ፤ ጆሯችሁ እስኪደክም አውርቻለሁ። (ቪዛውን አታንሱብኝ። የሰባ ዓመት እናት ጣልያን ገብተው ይጠፋሉ ብሎ የሚሰጋ ሰው እስካሁን አልገባኝም። የት ነው የሚጠፉት? ወይን ሊለቅሙ?) የማታውቁት የመኪናውን ጉድ ነው።

ከስንት ወር ጀምሮ ነው ይህን ነገር ያቀድኩት! የት እንነሳ፣ የት እንመልስ። ሮም ያለችው አክስቴ ገና የመኪና ነገር ሳነሳላት "ልጄ፣ እዚህ አገር ፀጉሬ ሸብቷል፣ ሮም ውስጥ መሪ ጨብጬ አላውቅም፤ በባቡር ሂዱና ፊሬንዜ (ፍሎረንስ) ላይ ተከራዩ" አለችኝ። ልክ ናት። ፈጣኑ ባቡር ከሮም ተርሚኒ ጣቢያ ፊሬንዜ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። "ዓርብ ግን እንዳትሄዱ፣ አድማ የሚወዱት ዓርብ ነው" አለች። እሺ፣ ቅዳሜ። ፊሬንዜ ውስጥስ ከተማው ነው ኤርፖርቱ? ኤርፖርት ላይ ጭማሪ አለው። የከተማው ቢሮ ርካሽ ነው፣ ከጣቢያው በእግር ይደረሳል፤ ቅዳሜ ግን በእኛ አቆጣጠር 6 ሰዓት ተኩል ላይ ጥርቅም ያደርጉታል። እሁድ ጭራሽ የለም። በአዘቦቱም ቀን ለምሳ ዘግተው የሚመለሱት 9 ሰዓት ነው። 9 ሰዓት! እኔ ሜሪላንድ ምሳዬን የምበላው ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሼ፣ ስልክ በትከሻዬ ይዤ ነው። የተናደድኩት ግማሹ ቅናት ነው፣ አልዋሽም።

መመለሻውስ? ሚላን። በረራችን ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ነው። የሚላን ከተማ ቢሮ ሰኞ የሚከፈተው 2 ሰዓት ተኩል፤ የምንበርበት ማልፔንሳ ኤርፖርት ደግሞ ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስለዚህ ማልፔንሳ እንመልሳለን። ማልፔንሳ። ይህቺን ስም ያዙልኝ።

ባቡሩ ዘገየ፣ ይሁን። ከጣቢያው እስከ ቢሮው ያለው መንገድ ሁሉ ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ የእማማ ሻንጣዎች ደግሞ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎና የሙሽራዋን ጥበብ የያዙ ናቸው። አንዱ ጎማው እዚያው ተነቀለ። ባሌ ተሸከመው። እኔ ላቤ ጠብ ጠብ እያለ 6 ሰዓት ሲል ደረስኩ። ግማሽ ሰዓት አለን። ምን ያንሳል? ያነሰውን ስሙ።

ሰውየው ቀና ሳይል "ቦታ ማስያዣ" አለኝ። ሰጠሁ። "ፓስፖርት።" ሰጠሁ። "መንጃ ፈቃድ።" ሰጠሁ። "ዓለም አቀፉስ?" እዚህ ላይ ደረቴን ነፋ አደረግሁ፤ የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ብቻውን እንደማይበቃ አውቄ፣ ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር ቢሮ ሄጄ፣ 20 ዶላር ከፍዬ አውጥቻለሁ። ፎቶውን አየ። እኔን አየ። ፎቶውን አየ። "ክሬዲት ካርድ።"

ካርዴን ሰጠሁት።

"ይሄ ዴቢት ነው፣ ሲኞራ።"

"አዎ። ገንዘብ አለበት።"

"ዴቢት አንቀበልም።"

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሠርቼ ያጠራቀምኩት የራሴ ገንዘብ ያለበት ካርድ አይታመንም፤ ዕዳ የሚቆለልበት ካርድ ግን ይታመናል! ባዶ ኪስ ሆኜ ተበድሬ ብመጣ ቁልፉን በሰሃን ያቀርብልኝ ነበር። እሺ፣ ባሌ ክሬዲት ካርድ አለው፣ በእሱ ያዝልን አልኩት።

"ሾፌሩ እሳቸው ናቸው?"

"አይ፣ እኔ ነኝ። እሱ ማኑዋል አይነዳም።"

ባሌን አየው። ባሌ መሬት አየ። ይህን ሰው ታውቁታላችሁ አይደል? ዲሲን በሌሊት በኡበር ሲያካልል የሚያድር፣ ከሬገን ኤርፖርት ቦልቲሞር በእንቅልፍ ልቡ የሚያደርስ ሰው ነው፤ ፍሪሲዮን ረግጦ ግን አያውቅም። እኔ የሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ፣ ኋላዬ አውቶቡስ ተለጥፎብኝ፣ በፍሪሲዮን ሚዛን ይዤ ቆሜ የተማርኩ ነኝ። አውቶማቲክ ደግሞ እዚህ አገር ውድ ነው፣ እሱም ከተገኘ።

"ካርዱ በሾፌሩ ስም መሆን አለበት።"

"ባሌ እኮ ነው።"

"ስማችሁ ግን አይገናኝም።"

"እኛ አገር ሚስት የባሏን ስም አትወስድም። ይሄ የአባቴ ስም ነው።"

መንጃ ፈቃዴን ወደ ብርሃን ከፍ አደረገው። "ታዲያ ይሄኛውስ? ቦታ ማስያዣው ላይ የለም።"

"እሱ የአያቴ ስም ነው።"

እናንተዬ፣ ይሄ ሰው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ከልቡ፣ ሳይስቅ፣ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ፦

"አያትዎ ተጨማሪ ሾፌር ናቸው?"

አያቴ! ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዕድሜ ልካቸውን ከበቅሎ ሌላ ኮርቻ ያላዩ ሰውዬ፣ ፊሬንዜ ላይ ተጨማሪ ሾፌር ሆነው ሊመዘገቡ! በቀን ስንት ዩሮ እንደሚያስከፍላቸውም ይነግረኝ ነበር ዝም ብለው። የስማችን ነገር የማያስለቅሰን ቦታ የለም መቼም። የልጄ ትምህርት ቤት በባሌ አባት ስም "ሚስስ" እያለ ይጠራኛል፣ አማቴን የሚጠራ እየመሰለኝ ዞር እላለሁ። ባንኩ የአባቴን ስም የመካከለኛ ስም አድርጎ አያቴን ቤተሰብ አደረገው። የትውልድ መታወቂያዬ ላይ ደግሞ አንዲት ፊደል ተሳስታ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ… ተዉት።

ያንጨረጨረኝን ልንገራችሁ። ማታ ለአክስቴ ስደውልላት ሳቀችብኝ። ለካ የጣልያን ሴትም ካገባች በኋላ ሕጋዊ ስሟ ያው የአባቷ ቤት ስም ነው! ሰነዷ ሁሉ በእሱ ነው! የዚህ ሰውዬ ሚስት ራሷ የእሱን ስም ይዛ አትከራይም ማለት ነው። እና እኔን ነው ባልሽ ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ በሚል ዓይን የሚያየኝ!

እማማ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው "ምን ይላል?" አሉ።

"ወረቀት ጎደለ ነው የሚለው፣ እማማ።"

"አባቴ የእነሱን ካሚዮን ማርኮ ሲመጣ ማን ወረቀት ጠየቀው?"

ባሌ በሳቅ ፈነዳ። እኔም አልቻልኩም። ሰውየው በእሱ የሳቅን መስሎት ይሁን ሰዓቱን አይቶ እንጃ፣ ኮምፒውተሩን አጠፋ። ሾፌሩን በባሌ ስም ለውጠው እኔን ተጨማሪ አድርገኝ ብል "አዲስ ቦታ ማስያዣ ነው የሚሆነው፣ ሰኞ" አለ። መጋረጃውን እየሳበ "ቦን ዊክኤንድ" አለኝ። ቦን ዊክኤንድ! 6 ሰዓት ተኩል እንኳ አልሞላም ነበር።

ከዚያ ትራም ቲ 2 ተሳፍረን ወደ ፔሬቶላ ኤርፖርት ስንሄድ ኢሜይል ገባ። ቦታ ማስያዣው የተሰረዘው ደንበኛዋ "ባለመቅረባቸው" ነው፤ የተከፈለው አይመለስም። ባለመቅረባቸው! ፊቱ ቆሜ፣ ከነአያቴ ቀርቤ!

ኤርፖርቱ ላይ ደግሞ መኪናዎቹ ተርሚናሉ ጋ አይደሉም፣ በሌላ አውቶቡስ ነው የሚኬደው። ሻንጣ አውርድ፣ ሻንጣ ጫን። ሌላ ድርጅት፣ ሌላ ሰልፍ፣ የዕለቱ ዋጋ። ባሌ በካርዱ ዋና ሾፌር ሆነ፤ እኔ ተጨማሪ ሾፌር፣ በየቀኑ የሚከፈልባት። ሳምንቱን ሙሉ የምነዳው እኔ፣ ተጨማሪዋም እኔ! ባሌ ዋናነቱን በጋቢና ተቀምጦ ጂፒኤስ በማንበብ ይወጣው። ከአገሬ በኢንተርኔት ገዝቼ የመጣሁትን ኢንሹራንስ ሳሳያት ልጅቷ በሁለት ጣቷ ገፋ አድርጋ "ይሄ እኛ ጋ አይሠራም" አለችና የራሷን ሸጠችልኝ፤ ካልገዛሁ ካርዱ ላይ የሚታገደው ገንዘብ ከሺህ ዩሮ በላይ ነዋ። በሌላ ከተማ የመመለሻ ክፍያም አለ። እሱን ኢንተርኔቱ ላይ ለማግኘት አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል።

ቀጥላ ምን አለች? ከተባለው ሰዓት ግማሽ ሰዓት ካሳለፋችሁ የሙሉ ቀን ትከፍላላችሁ። እኔ ነቅነቅ አልኩ፣ ባሌ ግን በአማርኛ "የአክሱምን ሐውልት ጠይቂልኝ" አለኝ። እውነቱን ነው እኮ! በፈረንጅ 1937 ወሰዱ። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 የሰላም ውል ላይ ከኢትዮጵያ የዘረፍነውን በ18 ወር ውስጥ እንመልሳለን ብለው ፈረሙ። መቼ መለሱ? 2005። ያውም ሮም አደባባይ ላይ አቁመውት 2002 መብረቅ መትቶት፣ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን መጣ። ማን ዞሮ ጭረቱን ፎቶ አነሳ? ማን የዘገየበትን ቀን ቆጥሮ ካርዳቸው ላይ ጣለ? እኔ ግን ለአንዲት ፊያት ፓንዳ ፓራውልት ላይ ላለ የጥፍር ምልክት በቪዲዮ እየዞርኩ ስቀርጽ ነበር፣ በኋላ የእኔ ነው እንዳይሉኝ።

ሻንጣው በግድ ገባ። አንዱ ከኋላ ከእማማ ጋር ነው። መኪናው ከአሁኑ በርበሬ በርበሬ ይላል፣ ለጽዳት ስንት እንደሚጠይቁን እናያለን።

ስለ ካሜራው ገና አላወራሁም። መሀል ከተማው ፈቃድ ለሌለው መኪና ክልክል ነው፤ ክብ ቀይ ምልክት አለ፣ አጠገቡ ካሜራ። የስቶክሆልሙ የአጎቴ ልጅ ፊሬንዜ ውስጥ ሆቴሉን ሲፈልግ እዚያው መንገድ ላይ ሲዞር ሲዞር፣ ባለፈ ቁጥር ለየብቻው ተቀጣ። ውጭ አገር ለሚኖር ሰው ቅጣቱን ለማሳወቅ 360 ቀን አላቸው፤ ረስተኸው ስትኖር ነው ፖስታው የሚመጣው። ከቅጣቱ በፊት ግን አከራዩ ስምህንና አድራሻህን ለፖሊስ ስለሰጠ ብቻ የአገልግሎት ክፍያ ይቆርጥብሃል። በናታችሁ፣ የደርግ ጆሮ ጠቢ እንኳ ከሚያስይዘው ሰው አበል ጠይቆ ያውቃል?

ስለዚህ ከፔሬቶላ ስወጣ ወደ ከተማው ዞር ብዬ ሳላይ ቀጥታ ወደ ሲዬና። መንገዱ አይከፈልበትም፤ ለምን እንደማይከፈልበት ጉድጓዱ ላይ ስትገባ ይገባሃል። እማማ "ጎጃም መንገድ ደረስን?" አሉ። እውነት ለመናገር ኮረብታው ያምራል። ወይኑ፣ ጥዱ፣ ምሽቱ። እራት በላን፣ ሳቅን፣ አለፈ ብዬ ተኛሁ።

ከዚያ ስልኬን ከፈትኩ።

ውሉ በኢሜይል መጥቷል፣ በጣልያንኛ። እዚያ ቢሮ ያስፈረሙን በጣት ነው፣ ከስልክ ከፍ ያለች መስታወት ላይ፤ የሚነበብ ነገር የለም፣ የምትፈርምበት ሳጥን ብቻ ነው የሚታየው። እኔ ልጅቷን ማልፔንሳ ብያታለሁ። ሁለት ጊዜ ብያታለሁ። እሷም "ማልፔንሳ፣ ሲ ሲ" ብላለች። ውሉ ላይ የመመለሻ ቦታ የሚለው ምንድን ነው? ሚላን፣ የከተማው ቢሮ! ሰኞ፣ 2 ሰዓት ተኩል! በረራዬ 4 ሰዓት! ሌላ ቦታ ትቶ መሄድ ደግሞ ራሱን የቻለ ቅጣት አለው፣ እሱ በደማቁ ተጽፏል።

ባሌን ቀሰቀስኩት። አንብቦ "አንቀጽ 17" አለና ዞሮ ተኛ። ውጫሌን እኩለ ሌሊት ላይ የሚያስታውስ ባል ስጠኝ ያልኩት ማንን ነው?

ስልክ መስመራቸው ላይ ደወልኩ፤ ሙዚቃ፣ ሙዚቃ፣ ከዚያ ማሽን፦ ለውጥ የሚደረገው መኪናው የተነሳበት ቢሮ በአካል በመቅረብ ነው። ፊሬንዜ ተመለሺ ማለቱ ነው። በአካል። እኔ እንደሆን በአካል ስቀርብም አልቀረበችም የምባል ሰው ነኝ።

አሁን ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ ጣልያን ያላችሁ በተለይ ሚላን፣ ሐበሻ የሚበዛበት ፖርታ ቬኔሲያ አካባቢ የምትውሉ፦ ማልፔንሳ ያለው ቢሯቸው ውሉን እዚያው ይቀይርልኛል ወይስ የግድ ፊሬንዜ ልመለስ? ወይስ ሰኞ ጠዋት መኪናውን ተረክቦ ከተማ ውስጥ የሚመልስልኝ ሰው ይገኛል? የምታውቁ እዚህ ጻፉልኝ፣ ማልጄ አያለሁ። "ለምን በባቡር አትሄዱም ነበር" የምትሉትን ግን ብሎክ ነው የማደርገው፣ ዘመድም ብትሆኑ።